የላላች ቺንጋ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ለስድስት ዓመት ኪቦርድ ተጫውቻለሁ። ሰርግ ሲመጣ ሰርግ፣ ስብሰባ ሲመጣ የስብሰባ እራት። የራሴን ዜማ የምደርሰው ጠዋት ጠዋት ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላማ በድሬ ሙቀት ጭንቅላትም ኪቦርድም አይሠራም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «የጃዝ ምሽት እናዘጋጅ። አንተ የምትወዳቸውን አልበሞች ምረጥና ባንዱ ይጫወታቸው» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው።

መምረጡ አላስቸገረኝም። መጀመሪያ ሙላቱ አስታጥቄ። ጅማ የተወለደው ሙላቱ እንግሊዝ አገር የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ሙዚቃ ወሰደው። ከዚያ ቦስተን በርክሊ፣ ከዚያ ኒውዮርክ። እዚያ በ1966 ያወጣቸውን «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሸክላዎች ስትሰሙ ኮንጋውና የላቲኑ ምት ገና ፊት ፊት ይላሉ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምጽፈው ሸክላዎቹ ላይ እንዲያ ስለሆነ ነው።) በ1972 በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይ ግን ነገሩ በስሏል። ዜማው በአምስቱ የቅኝት ድምፆች ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ሃርመኒ (ዜማውን የሚያጅቡት ድምፆች) አሥራ ሁለቱንም ይጠቀማል። ለእኔ ከባዱ ነገር መጨመሩ አይደለም፣ መቆጠቡ ነው። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ካበዛችሁባት አንቺ ሆዬን የመሰለች ቅኝት ለዛዋ ይጠፋል። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ቀጥሎ አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን። በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ሙላቱም ያኔ አብሮት ሠርቷል። ሦስተኛው የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው፣ የ1959። ኮርድ ከኮርድ ላይ ከመደራረብ ይልቅ አንድ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ውስጥ ተረጋግቶ መቆየት። ቅኝት ለለመደ ጆሮ ይሄ ባዕድ አይደለም።

ችግሩ የመጣው ከሙላቱ ነው። ይቅርታ፣ ከእኔ።

ሙላቱን ያወቅኩት አጎቴ ከሸክላ ባስቀዳት አንዲት ካሴት ነው። የምሰማባትም ታይዋን በተገዛች ቴፕ ነበር። ታይዋን ስል የእኛን ገበያ ነው፣ አገሩን አይደለም። ያቺ ካሴት ውስጥ ያሉት ዜማዎች ከበድ፣ ጎተት ይላሉ። ልክ ከሰዓት በኋላ ከመጋላ ተነስቶ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው። የወደድኩትም ያንን ክብደት ነበር። የራሴን ዜማዎች ስደርስም ሳላስበው እሱን ስከተል ኖሬያለሁ።

ለምሽቱ ኖታ ልጽፍ ካሴቷን ከፈትኩ። ኪቦርዱ አልገጥም አላት። ከአንዱ ቁልፍ ትንሽ ከፍ፣ ከሌላው ትንሽ ዝቅ። የኪቦርዱን ቅኝት በጥቂቱ አውርጄ አስማማሁት። «የድሮ ስቱዲዮ ፒያኖ በደንብ ያልተቃኘ ይሆናል» ብዬ አለፍኩ። ኢንተርኔት ነበር፤ ግን በልጅነቴ የማውቀውን ዜማ ምን ብዬ እፈልገዋለሁ? ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ ኖታውን ጻፍኩ። ባንዱም አጠናው።

ሳክስፎኒስቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ነበር። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ሆቴል የደረሰው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። የምንጀምረው ሁለት ተኩል። ኖታውን ሰጠሁት። ሳያየው ወንበር ላይ አስቀመጠውና «ወንድሜ፣ ይሄንንማ በእንቅልፌም እጫወተዋለሁ» አለኝ።

ቤዙና እኔ ጀመርን። እሱ ገባ። ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ በር እኩል ልግባ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ። እኛ እሱ ከሚጫወትበት በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ባለው ርቀት፣ ወርደናል፤ በሙዚቃ ደግሞ ከግማሽ ድምፅ የባሰ የሚያሳክክ ርቀት የለም። አንዱ አስተናጋጅ ትሪውን እንደያዘ ቀና ብሎ ስፒከሩን አየው። ቤዙ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «አቦ፣ ማነው የሳተው?» አለኝ።

ኪቦርዱን በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ በግማሽ ድምፅ ወጣሁ። በዚያው ቅጽበት ሳክስፎኒስቱ ለእኛ አዝኖ በግማሽ ድምፅ ወረደ። ቤዙ ካለበት አልተነቃነቀም። አሁን የሳትኩት እኔ ብቻ ሆንኩ።

ያዳነን ድራመሩ ነው። ሳይጠየቅ ሶሎ ጀመረ። እሱ ሲደበድብ እኛ በጣት ተነጋግረን በአንድ ላይ ተመለስን። ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ጨበጠኝ። «መሀል ላይ ያደረጋችሁት ዘመናዊ ነገር በጣም ደስ ይላል» አለ። ጃዝ ነው መስሎት! አላስተባበልኩም።

ሌሊት ከሳክስፎኒስቱ ጋር ሻይ ይዘን ካሴቷን እሱ ስልክ ላይ ካለው ቅጂ ጋር እኩል ከፈትናት። ካሴቷ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀረች። የቴፗ ቺንጋ፣ የሞተሩን ዙር የምታስተላልፈው ላስቲክ፣ ላልታለች። ቺንጋ ሲላላ ሞተሩ ክሩን በሙሉ ፍጥነት አይስበውም። ፍጥነቱ 6 በመቶ ያህል ከቀነሰ ዜማው በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፤ የ4 ደቂቃ ዜማም በ14 ሰከንድ ያህል ይረዝማል። እኔ ለዓመታት «የሙላቱ ክብደት» ስለው የነበረው የላስቲክ ጉዳይ ነው።

እንግዳው ሳቀና የማይልስን ታሪክ ነገረኝ። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሲቀረጽ በመጀመሪያው ቀን አንዱ የመቅጃ ማሽን በዝግታ ይዞር ነበር። ስለዚህ የተቀዳው በልኩ በሚዞር ማሽን ሲጫወት የሸክላው አንደኛው ገጽ፣ ሦስቱም ዜማዎች፣ ከትክክለኛው ትንሽ ፈጠንና ከፍ ብለው ወጡ። የታረመው በ1990ዎቹ ነው። እስከዚያ የዓለም ተማሪ ሁሉ ከዚያ ጋር ሲለማመድ መሣሪያውን እያስተካከለ ነበር። እኔን ለማጽናናት የፈጠረው መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳጣራ እውነት ነው።

አሁን ኖታ ከመጻፌ በፊት ቢያንስ ሁለት ቅጂ አመሳክራለሁ። ኪቦርዱ ካልገጠመ ደግሞ ቅኝቱን አልነካም፤ መጀመሪያ ማሽኑን እጠረጥራለሁ። በማግስቱ ታይዋን ሄጄ አዲስ ቺንጋ አስገጠምኩ። ዜማዎቹ ቀለል አሉ፣ ትከሻ የሚያስነቀንቁ ሆኑ። የራሴንም ዜማዎች ግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ፈጠን አድርጌ ሞከርኳቸው። ሁለቱ አማረባቸው። የቀሩት አልሆኑም፣ ወደ ነበሩበት መለስኳቸው።

ከወር በኋላ ሳክስፎኒስቱ ደወለ። «ያቺን የቀስታዋን ቀድተህ ላክልኝ፤ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች» አለኝ።

አሮጌዋን ቺንጋ ሠሪው ጋ ጥያት መጥቻለሁ።