«ይበሰብስብሃል፣ ተወው» ያልኩት ፓስፖርት

ሦስት አገር በአንድ ቀን ዞረን እንመለሳለን ብዬ ጓደኞቼን ከአልጋቸው ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጀርመን አገር የምትኖሩና «ድንበር እኮ የለም» የሚል ጓደኛ ያላችሁ ሰዎች እሱን እንዳትሰሙት ነው። ያ ጓደኛ እኔ ነበርኩ።

አራት ነበርን፣ ሁላችንም የኮሎኝ ነዋሪ። አንዱ ከሁላችን ቀድሞ የመጣና የጀርመን ዜግነት የወሰደ ነው፣ «አለቃ» እንለዋለን። ሁለተኛው በስደተኝነት የተሰጠውን ሰማያዊ የጉዞ ሰነድ የያዘ። ሦስተኛው በትምህርት የመጣ፣ ሁለተኛ ዓመቱን ገና ያልጨረሰ ልጅ ነው፤ እዚህ ተማሪው ልበለው። እኔ በሥራ ፈቃድ ነኝ። ዕቅዱ በባቡር ከኮሎኝ አኸን፣ ከአኸን ማስትሪክት፣ ከማስትሪክት ሊዬዥ፣ ከዚያ ተመልሶ ቤት። ጀርመን፣ ሆላንድ፣ ቤልጂየም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተማሪውን ልወስደው ቤቱ ስሄድ ውጭ ካፊያው ጀምሯል። ልጁ ፓስፖርቱን በእጁ ይዞ ወጥ ቤት ውስጥ ፌስታል ይፈልጋል፣ ጠቅልሎ ሊይዘው። የለበሳት ጃኬት ስስ ናት፤ ካፊያ እንኳ የምትመልስ አይደለችም። ስደት ላይ ያለ ሰው ፓስፖርቱን እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። ከጠፋ ወይም ከተበላሸ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ባንኩ፣ ሁሉም ነገር አብሮ ይንጠለጠላል። እኔም ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ፣ «ተወው ባክህ፣ ይበሰብስብሃል፤ አውስቫይስህ ይበቃል» አልኩት፤ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን ማለቴ ነው። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «ሼንገን ነው እኮ!» አልኩት፤ በመካከላቸው ኬላ ያነሱት የአውሮፓ አገሮች ስምምነት። ልጁ ሻንጣውን ከፈተ፣ ፓስፖርቱን አስቀመጠ፣ ቆለፈ። ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው።

የኔ ፓስፖርት ግን እንደ ሁልጊዜው ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኮሎኝና አኸን መካከል አንድ ሰዓት ያህል ነው። የአኸን ካቴድራል ውስጥ ንጉሥ ካርል (ሻርለማኝ) ተቀብሯል፣ በ814 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የድንጋይ ዙፋኑም ላይ ፎቅ አለ። ከ936 እስከ 1531 የጀርመን ነገሥታት ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነበር። ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 ቅርሶች በ1978 ሲመዘግብ ይህ ካቴድራልና የእኛው ላሊበላ አንድ መዝገብ ላይ ነበሩ፤ ሰሜን ተራሮችም እንዲሁ። አለቃ ይህን ሲሰማ የበሩን ምሰሶ እንደ ዘመድ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ኤሊዘንብሩነን የሚባለው የፍል ውሃ አዳራሽ ገባን። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ሙቅ ውሃ ከግድግዳው ይፈሳል። «ፍል ውሃ ሠፈር ደረስን» ተባባልንና የቀዘቀዘ እጃችንን አሞቅን። በዚያ ዝናብ ከተማው ውስጥ ካገኘነው ሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር፣ ደግሞም ነጻ ነው።

ማስትሪክት ስንደርስ ካፊያው ዶፍ ሆኗል። የቱሪስት ገጾች ድልድዩን፣ አደባባዩን፣ የከተማውን ቅጥር በእግር ዙሩ ይላሉ። በዝናብ ቀን አትስሙ። እኛ በቀጥታ የገባነው በቀድሞው የዶሚኒካን ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወዳለው የመጻሕፍት መደብር ነው። ሕንፃው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከ2006 ጀምሮ መጽሐፍ ይሸጥበታል። መሠዊያው በነበረበት በኩል ቡና ቤት ተከፍቷል። ሰማያዊ ሰነድ ያለው ጓደኛችን የዲያቆን ልጅ ነው፤ መጀመሪያ ጫማውን የሚያወልቅበት ቦታ በዓይኑ ሲፈልግ አየሁት። ማኪያቶ ስናዝዝ እሱ አልጠጣም። «እዚህ ቦታ ላይ አይወርድልኝም» አለ። እኔ ጠጣሁ፤ ጠጥቼም ወሬ ጀመርኩ። የአውሮፓ ኅብረት ውል የተፈረመው በዚህች ከተማ መሆኑን፣ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1992፤ ሼንገን ደግሞ ከዚያ በፊት በ1985 ሉክሰምበርግ ውስጥ መፈረሙን፤ ድንበር የሚባል ነገር ታሪክ እንደሆነ። ተማሪው በጥሞና ያዳምጠኛል። እንዲህ እየተናገርኩ የሆነ ሰው ቢቀርጸኝ ኖሮ ዛሬ ገንዘብ ከፍዬ አስጠፋው ነበር።

ሊዬዥ ከማስትሪክት ግማሽ ሰዓት ናት። ጊየማን የሚባለው ባቡር ጣቢያ የሳንቲያጎ ካላትራቫ ሥራ ነው፣ በ2009 የተመረቀ። ከብረትና ከመስተዋት የተሠራ፣ ትልቅ ክንፍ የዘረጋ ወፍ የሚመስል ጣሪያ አለው። ፎቶ ላይ ያምራል። ፎቶው የማይነግራችሁ ጣሪያ እንጂ ፊት ለፊቱ ግድግዳ እንደሌለው ነው። ነፋሱ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ዝናቡንም ይዞት ይገባል። ከቤት በሳሕን ይዘን የመጣነውን ቋንጣ ፍርፍር አግዳሚ ወንበር ላይ ከፍተን በላን፤ ጣቶቻችን ደንዝዘው ፍርፍሩን በትክክል መያዝ አልቻሉም። ከዚያ ብዌረን የሚባለውን 374 ደረጃ ያለውን አቀበት ካልወጣን ብዬ ደግሞ አስቸገርኩ። ደረጃው ያንሸራትታል። አለቃ 200 አካባቢ ላይ ቆጠራውን አቁሞ ተቀመጠ። ላይ ስንደርስ ያየነው ጉም ነው። ስኳሩ ውስጡ እየተንኮሻኮሸ የሚበላውን የሊዬዥ ዋፍል ግን አትለፉት፣ ትኩሱን ከመንገድ ላይ።

በአጭሩ፣ ለዝናብ ቀን ሦስት ከተማ ይበዛል። ሁለት ይበቃል። ሦስተኛውን የምትጨምሩት እንደኔ ለጉራ ከሆነ ብቻ ነው።

ማታ ከሊዬዥ ወደ አኸን በሚመለሰው ባቡር ተሳፈርን። ቬርቪየ በተባለች ከተማ በኩል ሸለቆ ለሸለቆ ይሄዳል፤ በ2021 ጎርፍ ያጥለቀለቀው ሸለቆ ነው። ካልሲያችንን አውልቀን ከማሞቂያው ላይ ዘርግተን ተኝተን ነበር። ድንበሩን አልፈን ባቡሩ ሲቆም ሦስት ፖሊሶች ገቡ። ፉርጎው ውስጥ ሠላሳ ያህል ሰው ነበር። ቀጥ ብለው መጥተው እኛ ጋ ቆሙ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ግን ያነበባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

አለቃ መታወቂያውን አሳየ፣ አለፈ። ሰማያዊ ሰነዱ ታየ፣ አለፈ። የኔም ታየ። ተማሪው ካርዱን ሰጠ። ፖሊሱ ፊትና ጀርባውን አገላብጦ አየና «ፓስፖርት?» አለ። ልጁ እኔን አየኝ። ያንን አስተያየት ብትከፍሉኝ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። «ቤት ነው» አለ። «ከየት ነው የመጣኸው?» ተባለ። ሰውየው የጠየቀው ዛሬ ከየትኛው ከተማ ተሳፈርክ ነው፤ ልጁ ግን ደንግጦ «ከኢትዮጵያ» አለ። የፖሊሶቹ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ባዶ እግሬን ቆሜ፣ ካልሲዬ ማሞቂያ ላይ ተሰጥቶ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ ስለ ሼንገን ማስተማር ጀመርኩ። «ቁጭ በል» አለኝ። አልተቀመጥኩም። «ለምን እኛን ብቻ?» አልኩ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ጊዜው ግን አልነበረም። በመሣሪያቸው ቁጥሩን አስገብተው እዚያው ሊጨርሱት ይችሉ የነበረውን ነገር፣ «ውረድ፣ ቢሮ እንሂድ» ወደሚል ያደረሰው የኔ አፍ ይመስለኛል። አለቃ አሁንም እንደዚያ ያምናል፣ በየድግሱም ይነግረኛል።

ሕጉ እኔ እንደሰበክሁት አይደለም። ከሼንገን አገሮች በአንዱ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሌሎቹ አገሮች ውስጥ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዘዋወር ይችላል፤ ግን ካርዱ ብቻውን አይበቃም፣ ያላለፈበት ፓስፖርት አብሮ መኖር አለበት። ኬላ የለም የሚባለውም ቢሆን ድሮ ቀርቷል። ጀርመን ከሴፕቴምበር 16 ቀን 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ መልሳለች፣ ሆላንድም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ተከትላለች። ሁለቱንም ዜና በጊዜው አንብቤ ነበር። አንብቤ!

የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያልተወሰነና ጌሽታቱንግ የሚባለውን ጊዜያዊ ወረቀት ብቻ የያዛችሁ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። ከአኸን በከተማ አውቶቡስ ተሳፍሮ ፋልስ የወረደ ሰው ሆላንድ ገብቷል፤ ሳያውቀው። ወረቀቱ ግን ከጀርመን አያስወጣም፣ ጣጣውም የኛን ዓይነት የሁለት ሰዓት ጣጣ አይደለም።

ልጁን ይዘውት ገቡ፣ እኛ ውጭ አግዳሚ ላይ ቀረን። እርጥብ ካልሲ መልሶ ማድረግን የሚያህል ቅጣት የለም። የኮሎኝ ባቡሮች አንድ በአንድ ሲያልፉ እናያለን። በመጨረሻ አለቃ ወደ ውስጥ ገባና በትሕትና ጠየቀ፤ የፓስፖርቱ ፎቶ ቢገኝስ? ፖሊሱ ፎቶ ሰነድ አይደለም አለ። አለቃ ግን ወጥቶ ተማሪው ቤት ለሚኖረው ልጅ ደወለ። ደግነቱ ከሥራ መግባቱ ነበር። ሻንጣው ግን ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ ፖሊስ ቢሮ ውስጥ ካለው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። የቤት ጓደኛው በስልክ እያወራን የእስክሪብቶ ጫፍ ዚፑ መሃል ወግቶ ከፈተው። ድምፁን ሰማሁት፣ ጠርርር አለ። ፓስፖርቱን በየገጹ ፎቶ አንስቶ ላከ።

ሰነድ አይደለም የተባለውን ፎቶ ፖሊሱ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ እያየ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈው፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተማሪው ወጣ። ስለዚህ ማንም ምንም ቢላችሁ፣ ዋናውን ከመያዝ በተጨማሪ የፓስፖርታችሁና የፈቃዳችሁ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ለእናንተ ብቻ ሳይሆን፣ አብሯችሁ የሚኖር ሰውም ጋ ይኑር። ዋናውን ይተካል አላልኩም፤ የምትጠብቁበትን ሰዓት ያሳጥራል። አዲስ አበባ ላይ ቪዛ ተመትቶላቸው ሊጠይቋችሁ የመጡ እናት አባቶችንም ይዛችሁ ስትወጡ እንደዚሁ። ደግሞም ቪዛው የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ለንደን ደርሰን እንምጣ እንዳትሉ፤ እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም፣ ከወጡ አይመለሱም።

ኮሎኝ የገባነው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ነው። ተማሪው መንገዱን ሙሉ አልተናገረኝም። ቤቱ ደጃፍ ላይ «ይቅርታ» አልኩት። «ምንም አይደለም» አለ፤ እንዴት እንዳለው የሰማ ግን ምንም እንዳልሆነ አያምንም። ደብዳቤ ይመጣልሃል ብለውት ነበርና ለወራት በየጠዋቱ የፖስታ ሳጥኑን እያየ ከረመ። አልመጣም።

በሰኔ እንደገና ቦን ድረስ አብረን ወጣን። ከኮሎኝ ግማሽ ሰዓት፣ ድንበር የሚባል የለበት፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ተማሪው ከቦርሳው በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ቀስ ብሎ መፍታት ጀመረ። ተቆጣጣሪው ቲኬት ብቻ ነው የምፈልገው አለው። ልጁ መልሶ ጠቀለለው። ወደኔም ሳይዞር፣ «ምናልባት ከዘነበ ብዬ ነው» አለ።