12 እግዚኦ በጣርማበር

ቁጡ ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣሁ ስለማከፋፍል ቁጣ እንደ ሚዛን የሥራ ዕቃዬ ይመስለኝ ነበር። ደላላው ላይ እጮሃለሁ፣ አውራጁ ላይ እጮሃለሁ፣ ማታ ቤት ስገባም ለሚስቴ የሚተርፍ አላጣም። ዓምና ለፍልሰታ «ይህን ጠባይ እዚያው ጥዬው እመጣለሁ» ብዬ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገባሁ።

15ቱን ቀን በቆሎና በጥሬ፣ በኪዳንና በውዳሴ ማርያም ገፋሁት። ሊጠናቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው ጠበል ልቀዳ ተሰልፌ ሳለ አንዱ ጀሪካኑን ከእኔ ጀሪካን ፊት ገፋ አድርጎ አስቀመጠ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጠበል ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ያውም በጾም አፌ!

አፍሬ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። «አባቴ፣ እኔስ የምለወጥ አይመስለኝም» አልኳቸው። ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ነጠላ ነህ እንዴ፣ አንዴ ታጥበህ የምትሰጣ? ንዴቱ ሲመጣብህ አፍህን ከመክፈትህ በፊት 12 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ በል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካሰኘህ ተቆጣ።»

በአውራ ጣታቸው የአራቱን ጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ አሳዩኝ። በየጣቱ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 12። መቁጠሪያዬን ቤት ረሳሁት ማለት የለም።

ጾሙ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ላመጣ ወደ ሸዋ ሮቢት በቅጥቅጥ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ዘንድ 50 ብር መልስ ቀረኝ። «ዝርዝር የለም፣ ስትወርድ» አለኝ። እሺ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ለተቀመጠው ሰውዬ፣ ዓይኔ እያየ፣ አዲስ ባለ 50 ብር ሰጠው።

ደሜ ፈላ። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» የሚለው ቃል ትዝ አለኝ፤ ግን በነሐሴ ጉም ጣርማበር ላይ ፀሐይ ከገባች ስንት ቀኗ! ዓይኔን ጨፈንኩና አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ አንጓ ጀመርኩ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። አንድ። ሁለት።

በልብ ይሁን በአፍ አባ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አምስት ላይ ስደርስ ድምፄ ወጥቷል። ለካ ያኔ ጣሊያን የፈለፈለው የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ገብተን ኖሯል። ጨለማው ውስጥ ድምፄ እንደ ዲያቆን ያስተጋባል።

አጠገቤ ያሉት እናት ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ምነው? ምን አይተህ ነው?» 12 ሳልሞላ አፌን ለሌላ ነገር አልከፍትም ብያለሁና ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩላቸው። እሳቸው «አለቀልን» ያልኩ መሰላቸው። ነጠላቸውን መስቀልያ አጣፍተው «እግዚኦ!» ሲሉ ከዋሻው ወጣን። ፊት ለፊት ጉም ብቻ፣ ከሥር የደብረ ሲና ቁልቁለት። ሾፌሩ አራቱንም ፍሬቻ አበራ።

የኋላ ወንበር ላይ አንዱ «ፍሬኑ እምቢ ብሎ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እግዚኦታ በስቅለትም አልሰማሁም። አንዱ ሰውዬ ሚስቱ ጋ ደውሎ «ጤፉን በርካሽ እንዳትሰጪ፣ ለጎረቤታችን ያበደርኩትንም ተቀበዪ» እያለ ይናዘዛል። ረዳቱ ራሱ የበሩን ብረት አቅፎ ከሁላችን በላይ «እግዚኦ» ይላል። ሾፌሩም ደንግጦ ዳር ያዘ። ሁሉም እየተጋፋ ወረደ፤ አንዱ ሮጦ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ።

«ማነው ፍሬን ያለው? ፍሬኔ ደህና ነው!» አለ ሾፌሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ 11 ላይ ነኝ። የመጨረሻዋን ጨርሼ ዓይኔን ገለጥኩ።

«መልሴን ነው» አልኩ። «50 ብር።»

በብርዱ ውስጥ የማንም ትንፋሽ አይሰማም። መጀመሪያ የተናገሩት እናትየዋ ናቸው። «ለ50 ብር ነው ነፍሴን ለሚካኤል አደራ ያስሰጠኸኝ?»

አንድ ወጣት ቀስ ብሎ «የእኔም 30 አለ» አለ። አንዲት ሴት «የእኔም» አለች። ለካ ረዳቱ መልስ የያዘው የአምስት ሰው ኖሯል። ገና ከእግዚኦታው ስላልወጣ ይሆናል፣ ኪሱን ገልብጦ ለሁሉም ቆጠረ። ሾፌሩ ግን ለእኔ ምሕረት አልነበረውም። «አስመሳይ ባሕታዊ!» ሲለኝ ጆሮዬ ጋለ፣ አውራ ጣቴም ትንሿን ጣቴን ፈለገች። ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «ኧረ በልብህ!» አለኝ።

ደብረ ሲና ላይ እናትየዋ ቆሎ ገዝተው በእፍኜ ሞሉልኝ። «አፍህ ሥራ እንዳይፈታ» ብለው ነው።

አባን ሄጄ ስነግራቸው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቁጥሩን ግን አልቀነሱልኝም። ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም እናደዳለሁ። አንዳንዴ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ምን እንዳናደደኝ ይጠፋብኛል። ሚስቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ካየች ልጆቹን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ድሮ ግን ጎረቤት ድረስ ነበር የምትሄደው።

ያ ረዳት አሁንም በዚያው መስመር ይሠራል። መናኸሪያ ሲያየኝ ገና ሳልቀመጥ መልሴን ይሰጠኛል፤ ብር እንኳ ሳልሰጠው።