ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

የኮንፈረንስ ፕሮፖዛል ማስገቢያ ቀን በደረሰ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። «አንቺ አልፎልሻል፤ እስቲ ምን ብዬ ልጻፍ?» ይሉኛል። ፕሮፖዛሌ ማለፉን ሰምተዋል። ከዚያ በፊት መውደቁን ግን ብዙዎቹ አያውቁም። ለእያንዳንዱ ከምደግም እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ አንድ የማህበረሰብ ጤና ማዕከል ነው። እኛ «ሄልዝ ሴንተር» ብቻ ነው የምንለው። መታወቂያዬ ላይ «የማህበረሰብ ጤና ሠራተኛ» ይላል። በተግባር ግን አስተርጓሚም፣ ቀጠሮ አስታዋሽም፣ ፎርም ሞይም ነኝ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ አብሮ አልቃሽ። እንዲህ ያሉ ማዕከላት በአገሩ ወደ 1,400 ይጠጋሉ። በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ያክማሉ። የመክፈል አቅም የለህም ተብሎ የሚመለስ ሰው የለም፤ ክፍያው እንደ ገቢው ነው። ታዲያ በየዓመቱ በየስቴቱም በአገር አቀፍ ደረጃም ይሰበሰባሉ፤ ከስብሰባው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ «ማስተማር የምትፈልጉ ሐሳባችሁን አቅርቡ» የሚል ጥሪ ይመጣል።

የመጀመሪያው ፕሮፖዛሌ ርዕስ ይኸውላችሁ፦ «ባህልን ያገናዘበ አገልግሎት በማህበረሰብ ጤና ማዕከላት፦ ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች»።

አትሳቁ። አዲስ አበባ እያለሁ ስንት ዎርክሾፕ ላይ እንደተቀመጥኩ ከርዕሱ ያስታውቃል። «ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሌለበት ጥናት የተጠና አይመስለኝም ነበር። በእንግሊዝኛ ስጽፈውማ ይበልጥ ረዘመ። ፎርሙ ሦስት የትምህርት ዓላማ ሲጠይቅ ሦስቱንም «ተሳታፊዎች ይገነዘባሉ» ብዬ ጨረስኩ። የባህልን ሚና ይገነዘባሉ፣ የቋንቋን ጥቅም ይገነዘባሉ፣ ሌላም ነገር ይገነዘባሉ።

ወደቀ። ከመልሱ ጋር የአንድ ገምጋሚ አስተያየት ነበረበት። «ከዚህ ክፍል የወጣ ሰው ሥራው ሲገባ ምን አድርግ ነው የምትዪው?» ዓይነት ጥያቄ ነው። ሁለት ቀን ተናደድኩ። በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን ለመመለስ ስሞክር ምንም አጣሁ። እውነቱን ነው፤ ምንም አድርጉ አላልኩም።

ከዚያ እማማ መጡ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ እኔም እማማ ነው የምላቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። የዚያን ቀን የመጡት ግን እንቅልፍ አጣሁ ብለው ነው። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ነው። ጭንቀት አለ ወይ? የለም። ቡና ማታ ይጠጣሉ ወይ? «ማታ ቡና ምን በወጣኝ!» አሉ። የድብርት መጠይቁን ጥያቄ በጥያቄ ተረጎምኩላቸው። እሱም ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ወደ ኪቦርዱ ዞረ፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ሊያዝ ነው። ሥራዬ የተባለውን መተርጎም ብቻ ቢሆንም ፈቃድ ጠየቅኩና አንዲት ጥያቄ ጣል አደረግኩ።

«እማማ፣ ሌሊት ምንድን ነው የሚያስነሳዎት?»

«ክኒኑ ነዋ ልጄ!»

ቦርሳቸውን ከፍተው ጠርሙሷን አወጡ። ክዳኗ ላይ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ «8» ተጽፏል፤ ከሥሩም ሌላ «8»። የልጅ ልጃቸው ነው የጻፈው፤ 13 ዓመቱ ነው። ጠዋት በ8፣ ማታ በ8 ማለቱ ነው። «ስምንት ሰዓትና ስምንት ሰዓት ላይ ትውጫለሽ» ብሎ ነገራቸው። (አንቺ ይላቸዋል፤ እዚህ የተወለደ ልጅ ነው፤ ይቅር ብለውታል።) እማማም እንደተባሉት አደረጉ። ቀን በስምንት ሰዓት፣ ሌሊት በስምንት ሰዓት። ከምግብ ጋር ነው ስለተባሉ ደግሞ በሌሊት ተነስተው አንድ ቁራሽ ዳቦ ይበላሉ፣ ክኒኗን ይውጣሉ፣ ከዚያ ጣራ ጣራ ሲያዩ ይነጋል።

ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለሐኪሙ ግን ግድግዳው ሰዓት ሥር ወስጄ አስረዳሁት። የኛ ቀን ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚጀምረው፤ የናንተ ጠዋት 8 ለኛ ሁለት ሰዓት ነው፤ የኛ ስምንት ደግሞ የናንተ 2 ነው። ዝም ብሎ ሰዓቱን አየ። «ስንት ሰው ነው እንዲህ ያዘዝኩት?» አለ።

ነገሩ ለምን እንዳልተገኘ ደግሞ ስሙ። ከስምንት እስከ ስምንት 12 ሰዓት ነው። በሁለቱ ክኒኖች መካከል ያለው ልዩነት ልክ ነው! ክኒን አልተዘለለም፣ መድኃኒት ቤቱም ጠርሙሷን በጊዜው ይሞላል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ እማማን ጎበዝ ታካሚ ነው የሚላቸው። የጎደለው እንቅልፋቸው ብቻ ነው።

ሕግ የለም ወይ? አለ እንጂ። ከኦባማ የጤና ሕግ በወጣው ደንብ መሠረት፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ታዳጊ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀም አይቻልም። እኛም ጋ ልጁ አላስተረጎመም፤ እኔ ነበርኩ። እሱ ያስተረጎመው ቤት፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ደንቡ አይደርስም።

ያን ማታ ፕሮፖዛሉን ከባዶ ጀመርኩ። ርዕሱ ወዲያው መጣ፦ «ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?»

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አለች፤ ነርስ ናት፣ ስፓኒሽ ተናጋሪ። ስነግራት ሳቀችና የራሷን አመጣች። በእንግሊዝኛ «ዋንስ» (once) ማለት አንድ ጊዜ ነው። ያችኑ ቃል፣ ፊደሏ ሳይቀየር፣ የስፓኒሽ አንባቢ «ኦንሴ» ብሎ ያነባታል፤ አሥራ አንድ ማለት ነው። እንግዲህ ጠርሙስ ላይ «በቀን ዋንስ» የሚል ተጽፎ አስቡት። ወዲያው አብራኝ አቅራቢ አደረግኳት።

አሁን ዓላማዎቹ ላይ ቁጭ አልን። ከፎርሙ ጋር የግሦች ዝርዝር ተያይዞ ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ብሉም የተባለ የትምህርት ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ካወጣው የትምህርት ዓላማዎች ምደባ የተወለደ ነው። በመጀመሪያው ዙር ዝርዝሩን ገልጬም አላየሁት። ነገሩ ቀላል ነው፦ «መገንዘብ» አይታይም። ሰው መገንዘቡን በምን ታውቃለህ? «መዘርዘር» ይታያል። «ማሳየት» ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ጻፍን፦ ተሳታፊው ከአንድ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ አሻሚ የሆነውን ቃል ይለያል። የሰዓት ቁጥር ሳይጠቀም ትእዛዙን እንደገና ይጽፋል፤ ከቁርስ ጋር፣ ከእራት ጋር፣ ፀሐይና ጨረቃ ሥሎም ቢሆን። ታካሚው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲያስረዳ ያደርጋል፣ ሰው ሳያሳፍር። ይኼ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። «ገባዎት?» ብትሏቸው እኮ እናቶቻችን «አዎ ገብቶኛል» ነው የሚሉት፤ ሐኪም ማስቸገር ነውር ነው። «ቤት ሲሄዱ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ነው የሚነግሩት?» ሲባሉ ግን ሁሉም ነገር ይወጣል።

ንግግር አይሆንም፣ ዎርክሾፕ ይሁን አልን። 75 ደቂቃ። ባዶ የመድኃኒት ጠርሙሶች በየጠረጴዛው። ስላይድ አራት ብቻ። የደቂቃ ድልድሉን በሠንጠረዥ አስገባን፤ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ የእማማ ነው።

እማማን ለማቅረብ ፈቃድ ስጠይቅ «ስሜን አትጥሪ» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልንዛዛ። የነዚህን ማዕከላት ታሪክ ያነበበ ሰው በእማማ አይገረምም። እ.ኤ.አ. በ1965 ቦስተን ኮሎምቢያ ፖይንት ላይ ሲጀመሩ፣ ከዚያም ሚሲሲፒ ማውንድ ባዩ ላይ ሲቀጥሉ፣ ሐሳቡ ታካሚው ባለቤት ይሁን ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ዶክተር ጃክ ጋይገር ሚሲሲፒ ላይ ለተራቡ ቤተሰቦች የሐኪም ማዘዣ ላይ ምግብ ያዝዝ ነበር። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሲቆጡ፣ መጽሐፌ ውስጥ የረሃብ መድኃኒቱ ምግብ ነው የሚለው ብሎ መለሰላቸው። ዛሬም በሕጉ ከቦርድ አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የማዕከሉ ታካሚዎች ናቸው። ይኼ ሁሉ ሆኖ የፕሮፖዛሉ ፎርም ላይ «የአቅራቢው የትምህርት ማዕረግ» የሚል ሳጥን አለ፤ ሳይሞሉት አያሳልፍም። ለእማማ ምን ልጻፍ? «ታካሚ፣ 11 ዓመት» ብዬ ሞላሁት። አለፈ።

የጥቅም ግንኙነት መግለጫውም አለ። ባለፉት 24 ወራት ከመድኃኒት ኩባንያና ከመሰሎቹ የተቀበላችሁት ነገር ካለ ትናገራላችሁ። እማማ ፎርሙ ሲነበብላቸው «ምን ተቀብዬ! ሲወስዱብኝ እንጂ» አሉ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግን።

ተቀባይነት አገኘን። ቅሬታ አንድ አለኝ፦ አቅራቢም የመመዝገቢያ ይከፍላል። እኔስ መሥሪያ ቤቴ ከፈለልኝ። የእማማን ለማስከፈል ግን ከሦስት ሰዎች ጋር ተጻጻፍኩ። ታካሚ የምትጋብዙ ከሆነ ይኼን ፕሮፖዛሉ ሳይገባ በፊት ጨርሱት፤ ትራንስፖርቱንም፣ ምሳውንም።

መርሐ ግብሩ ሲመጣ የኛ ክፍል ጠዋት 8:00 ላይ ተመድቧል። ለእማማ ደወልኩ።

«እማማ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

«በማን?» አሉኝ።

ክፍሉ ሞላ ብዬ አልዋሽም፤ የኋለኞቹ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። የተቀመጡት ግን ጠርሙሶቹን እያገላበጡ ሲከራከሩ ቡና ሰዓታቸው አለፈ። ሁለት ፋርማሲስቶች የራሳቸውን ማዕከል የመድኃኒት ጠርሙስ ጽሑፍ ፎቶ እያሳዩን ቀሩ። እማማ ከተመደበላቸው 10 ደቂቃ 20 ወሰዱ። ማን ያቁማቸው?

የዘንድሮውን እየጻፍኩ ነው። መዝገባችን ውስጥ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። ስደተኛ ሲመዘገብ ዓመቱን እንጂ ቀኑን ካላወቀ የምትሰጠው ቀን እሷ ናት። የታካሚው ማንነት በልደት ቀን ሲጣራ፣ የሁለት ሰዎች ስምም የአባታቸውም ስም ተመሳሳይ ሲሆን፣ የአንዱ ምርመራ ውጤት ለሌላው ሊነገር ምን ቀረው? ርዕሱ አለኝ። ሁለት ዓላማ ጽፌአለሁ። ሦስተኛው ላይ ግሡ ጠፍቶኛል፤ «ይገነዘባሉ» ብዬ ጽፌ አሁን ሰረዝኩት።