ብራካን በክርና በዶቃ፦ የስድስተኛው ሳምንት ማስታወሻዬ

ሰላም ጓደኞች። ሳምንቱን ሙሉ ብራካ 1 እና ብራካ 2 (BRCA1 እና BRCA2) የሚባሉ ጂኖች ላይ ከረምኩ። አንዱ ክሮሞዞም 17 ላይ፣ ሌላው ክሮሞዞም 13 ላይ ነው የሚገኙት። ብዙ ሰው «የካንሰር ጂን» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ለካ ሁላችንም አሉን! ሥራቸውም የተበጠሰ ዲኤንኤ መጠገን ነው። የጡት ካንሰር ስጋት የሚያመጣው የተበላሸ ቅጂ መውረስ ነው።

የከበደኝ ጥገናው ነበር። እናቴ መርፌና ክር የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ አወረድኩ። ቀይና ነጭ ክር እንደ ዲኤንኤ አንድ ላይ ገመድኩ። ቁርጥ እሱን የሚመስል ሌላ ሠርቼ ጎኑ አስቀመጥኩ። ሴል ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ስለሚያባዛ እንዲህ ያለ እህት ቅጂ ይኖረዋል። ከዚያ አንዱን ገመድ መሃሉ ላይ በመቀስ ቆረጥኩት።

ጥገናው ሲጀመር በተቆረጠው ጫፍ ላይ አንዱ ክር እየተበላ ያጥራል፤ ሌላው ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብራካ 1 ለዚህ መንገድ ይከፍታል። ብራካ 2 ደግሞ ራድ51 የሚባለውን ፕሮቲን እያመጣ በተንጠለጠለው ክር ላይ ይደረድረዋል። እኔ በራድ51 ፈንታ ዶቃ ሰካሁ። ራድ51 የለበሰው ክር እህት ቅጂው ውስጥ ገብቶ አምሳያውን ይፈልጋል፤ የጎደለው ከዚያ ይገለበጣል። ነገሩ የገባኝ ዶቃውን ስሰካ ነው። ብራካ 2 ከሌለ የሚሰካው የለም። ያኔ ሴሉ ጫፍና ጫፉን እንደምንም ያጣብቃል። የዲኤንኤ ፊደል ይጎድላል፣ አንዳንዴም የሌላ ክሮሞዞም ጫፍ ይለጠፋል።

ታዲያ የተበላሸ ቅጂ የወረሰ ሁሉ ለምን አይታመምም? ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ስላለን ነው። ደህናው ይሸፍናል። ችግሩ የሆነ ሴል ውስጥ ደህናውም የጠፋ ቀን ነው። ይህን የ«ሁለት ምት» ሐሳብ አልፍሬድ ክኑድሰን በ1971 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የሕፃናትን የዓይን ካንሰር ሲያጠና ነበር።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። የጡት ካንሰር ሲባል የእናት ወገን ብቻ ነው የሚጠየቀው። አባትም የተበላሸውን ቅጂ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። እባካችሁ የአባታችሁን እህቶች ታሪክም ጠይቁ።

ቀጥሎ ኦላፓሪብ የሚባል የካንሰር መድኃኒት ላይ ልገባ ነው። መድኃኒቱ ፓርፕ የተባለውን ሌላ ጠጋኝ ፕሮቲን ያግዳል። ብራካ የጠፋበት የካንሰር ሴል ያን ሲያጣ ይሞታል፤ አንድ ደህና ቅጂ የቀረው ጤነኛ ሴል ግን ይተርፋል። ለዚህኛው ክሩን እንደ አዲስ እገምዳለሁ። ፓርፕን ያነበበ ካለ ከየት ልጀምር?