እኛ ጋ 0.9998 ነው

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ 0.99984774 የሚባለው ቁጥር ቅጽል ስሜ ሆኗል። የበሩ ጥበቃ እንኳን ጠዋት ጠዋት ሲፈትሸኝ እንደ ምንዛሬ «ዛሬስ ስንት ገባ?» ይለኛል።

መነሻው ዓርብ በምሳ ሰዓት የሚካሄደው «የዕውቀት ማጋሪያ» ነው። በምሳ ሰዓት፣ ያለ ምሳ። ባዶ ሆድ ላይ የሚፈስስ ዕውቀት የት እንደሚቀመጥ አዘጋጆቹን ጠይቄ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። የእኔ ርዕስ በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን ግብአት ተቀብለው ውጤት ከሚመልሱ ፈንክሽኖች የመገንባት ዘዴ) ውስጥ ስላሉት ቋሚ ነጥብና ሪከርሽን ነበር። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው ግን «ቋሚ ንብረት» ብሎ ለጠፈው። የሂሳብ ክፍሉ በሙሉ መዝገቡን ይዞ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ተደረደረ።

አልደነገጥኩም። «ስልካችሁን አውጡና ካልኩሌተሩ ላይ የፈለጋችሁትን ቁጥር ጻፉ፤ ከዚያ ኮሳይንን ደጋግማችሁ ተጫኑ» አልኩ። «ከየትም ብትነሱ 0.739085 ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ከደረሰ በኋላ ብትጫኑት ንቅንቅ አይልም። ያስገባችሁት ራሱ ተመልሶ የሚወጣበት ቁጥር ቋሚ ነጥብ ይባላል።» ኮምፒውተሬም ግድግዳው ላይ ይህንኑ ማሳየት ጀመረ።

«እኔ ጋ 0.9998 ነው» አለ ሾፌሩ።

«እኔም ጋ» አለች ገንዘብ ያዥዋ።

የክፍሉ ኃላፊ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ ከግንቦት የመብራት ሂሳብ ተነሣሁ። እሱ ከመኪናው ታርጋ ተነሣ። እሷ ከቤት ኪራይዋ። ሁላችንም አንድ ቦታ ደረስን። ያልደረስከው አንተ ብቻ ነህ። ደግሞ የእኛ ሦስት አራት ጊዜ ሲነካ ቆመ፤ ያንተ ይኸው እስካሁን ይወዛወዛል።»

እውነታቸውን ነው። የእኔ ከ0.739 ከፍ ዝቅ እያለ፣ በየጊዜው ከቀረው ርቀት ሲሦውን ያህል ብቻ እየቀነሰ ያዘግማል። «ለማንኛውም እኛ ክፍል 0.9998 አንድ ነው። ዝጋውና እንሂድ» ብለው ጨረሱት።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ፖላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ስቴፋን ባናኽ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ፈንክሽን የማናቸውንም ሁለት ቁጥሮች ርቀት በተወሰነ መጠን እያጠበበ የሚሄድ ከሆነ አንድ ብቸኛ ቋሚ ነጥብ እንደሚኖረው፣ ከየትም ቢነሡም እዚያ እንደሚያደርስ አረጋግጧል። የመብራት ሂሳብና የመኪና ታርጋ ይህንን በዓይኔ ፊት አስመሰከሩ። እኔ ግን ተከሳሽ ሆኜ ቆሜያለሁ።

ዋናው ነገሬ ገና ነበር። ፈንክሽን ራሱን ሲጠራ ሪከርሽን ይባላል፤ ስም ከሌለውስ ራሱን ማን ብሎ ይጠራል? አሜሪካዊው የሎጂክ ሊቅ አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ በፈጠረው ላምዳ ካልኩለስ፣ ማለትም ሁሉን ነገር በፈንክሽን በሚያሰላው ሥርዓት ውስጥ ፈንክሽኖች ሁሉ ስም አልባ ናቸው። መውጫው ቋሚ ነጥብ ነው። ፋክቶሪያል ከ1 እስከ አንድ ቁጥር ያሉትን ሁሉ ያባዛል። ጎደሎ ፋክቶሪያል ትጽፋለህ፤ የቀረውን የሚሠራለትን ፈንክሽን ከውጭ ይቀበላል። ትክክለኛውን ፋክቶሪያል ብታቀብለው ትክክለኛውን ፋክቶሪያል ይመልስልሃል። ያስገባኸው ራሱ ወጣ! ኮሳይን በቁጥር ላይ ያደረገውን ይህኛው በፈንክሽን ላይ ያደርገዋል፤ ቋሚ ነጥቡን ፈልጎ የሚያመጣው ደግሞ ዋይ ኮምቢኔተር የሚባለው ፈንክሽን ነው። የተጠቀምኩበት የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ግብአትን አስቀድሞ ስለሚያሰላ ዋይን እንዳለ ብትጽፈው ማብቂያ የሌለው ጥሪ ውስጥ ገብቶ ይወድቃል። ስለዚህ ስሌቱን የሚያዘገየውን ዜድ የተባለ ዘመዱን አዘጋጅቼ ነበር። የ5 ፋክቶሪያል 120 ብሎ ያለ አንዳች እንከን ወጣ።

ማንም አላየውም። የፕሮግራም ባለሙያዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ኮሳይን ይጫናሉ።

ምክንያቱ የተገለጠልኝ ማታ ታክሲ ውስጥ ነው። ማዕዘን በዲግሪም በራዲያንም ይለካል። ጃቫስክሪፕት ኮሳይንን የሚያሰላው በራዲያን ነው፤ የእነሱ ስልክ ሁሉ ዲግሪ ላይ ነበር። በዲግሪ የሚሰላው ኮሳይን ደግሞ ሌላ ፈንክሽን ነው፤ የራሱ ቋሚ ነጥብ አለው፤ ርቀቱንም በእያንዳንዱ ንክኪ ከ50 እጥፍ በላይ ስለሚያጠብበው ወዲያው ይቆማል። ቆይ ግን፣ ስልክ ሠሪዎች ሆይ፣ ከሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ ዲግሪን ምን አስቀመጠው? በስልኩ ጣሪያ ሊያዋቅር የወጣ አናጢ አይታችኋል?

ይህን ሁሉ በሥርዓት ያሰብኩት በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ያደረግኩት «ራዲያን!» ብዬ መጮህ ብቻ ነበር።

ረዳቱ በሩን እየደበደበ ዞረብኝ። «ራዲያንን አለፍነው እኮ ወንድሜ! ቀደም ብለህ አትናገርም?»

«ብዙም አልራቀ፤ በእግሩ ይመለስ» አሉ ከኋላ አንዲት እናት።

ዲግሪና ራዲያንን ለታክሲ ሙሉ ሰው እንደገና ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ወረድኩ።