ፍተሻ የሚያልፍ የኪስ ባትሪ፦ እንዴት እንደመረጥኩና እንዴት እንዳሻሻልኩት

«ስልክህ ላይ መብራት አለልህ፣ ምን ሌላ ባትሪ ተሸክመህ ትዞራለህ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መልሴ አጭር ነው። ማታ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ ማብራት የለበትም። ስልክ ይነጠቃል። ቻርጁም ያልቃል፣ ያውም ቤት ስትደርስ ሰፈሩ ሁሉ መብራት በጠፋበት ቀን። የስልክ መብራት ደግሞ የሚያሳይህ እግርህ ስር ያለውን ብቻ ነው፤ አሥር ሜትር ፊት ለፊትህ ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ቢኖር የምታውቀው አፋፉ ላይ ስትደርስ ነው።

ዋናው መንገድ አሁን ሌላ ነው፣ እሱን አልክድም። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ላይ በሌሊት ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል። ችግሩ ከአስፋልቱ ስትወጣ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ከዚያ ሁሉ ብርሃን ወጥተህ ቅያሱ ውስጥ ስትገባ ለጥቂት ጊዜ ዕውር ነህ ማለት ነው፣ እዚያ ቆሞ የሚጠብቅ ደግሞ የለም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ የምትሆን ትንሽ የእጅ ባትሪ ፈለግኩ። በጀቴ ከነድንጋዩ 3,000 ብር ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁና ይሄ ገንዘብ ያን ያህል አያዘልልም።

መስፈርት ሳወጣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ፍተሻ ነው። መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው በቀን ስንቴ እንደሚዳበስ ይታወቃል። ባንክ ስትገባ ትፈተሻለህ፣ ሕንጻ ስትገባ፣ ሆቴል ስትገባ፣ አንዳንዴ ማኪያቶ ለመጠጣትም። ገበያው ላይ የሞሉት ደግሞ «ታክቲካል» የሚሏቸው ናቸው፦ ጥቁር፣ ከባድ፣ አፋቸው ዙሪያውን ጥርስ የወጣለት። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ዓይነቱን ቀበቶው ላይ ሻጥ አድርጎ አንድ ሕንጻ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው ዳበስ አደረገውና ፊቱ ተለዋወጠ። ሽጉጥ መስሎት ነው። አውጥቶ እያበራ እያጠፋ እስኪያሳየው ድረስ ከኋላው ሰልፍ ተፈጠረ።

«ሽጉጡን ራሱን ብትይዝ አይሻልም?» የሚሉኝም አልጠፉም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ነገር አለ፣ ያለ ፈቃድ አይያዝም። ቢያዝስ? ሽጉጥ ቱቦ አያሳይም።

እናም ቀለሟ ደመቅ ያለ፣ አፏ ጥርስ የሌለው፣ የሱሪ ኪስ ውስጥ የማታብጥ እንድትሆን ወሰንኩ። ሁለተኛው መስፈርት ሙሉ በሙሉ ተፈታትታ መገጠም መቻሏ ነው። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ነው። ርካሽ ዕቃ ስትገዛ የሆነ ቦታ ላይ ድክመት መኖሩ አይቀርም፤ ጥያቄው ያንን ድክመት በኋላ ራስህ መቀየር ትችላለህ ወይ ነው። በሙጫ የተጣበቀ ከሆነ አትችልም። እየተጠመዘዘ የሚፈታ ከሆነ ግን ሌንሱም፣ አንጸባራቂውም፣ አምፖሉም፣ ቁልፉም ይቀየራል።

ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ግን እርሱት። መርካቶ ውስጥ «1,000,000 ሉመን» የሚል ካርቶን አይቻለሁ፤ ሉመን ማለት አንድ መብራት የሚሰጠው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ወደ 800 ሉመን ነው የሚሰጠው። ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ነገር አንድ ሚሊዮን ልትሰጥ አትችልም፣ ብትሰጥም እጅህን ነው የምታቃጥለው። ትንንሾቹ ባትሪዎች እውነተኛ 1,000 ሉመን ሲሰጡ እንኳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግሉና ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዓይናችንም ቢሆን ሉመኑ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ብርሃን አያይም፤ እጥፍ እንዲመስለው አራት እጥፍ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ 500 ይሁን 700 ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነበር። ዝቅተኛው ብርሃን ምን ያህል ዝቅ ይላል? ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ እያለ መታጠቢያ ቤት ለመሄድ አንድ ሁለት ሉመን ይበቃል። ለቅያሱ ከ30 እስከ 100 ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ትልቁን የምፈልገው ራቅ ያለ ነገር ለማየት ብቻ ነው፣ ለምሳሌ መታጠፊያው ላይ የተኙት ውሾች የሰፈር ይሁኑ የሌላ ለማወቅ። የርቀቱ ነገር ደግሞ በሉመን ሳይሆን በካንዴላ ነው የሚለካው፣ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚጠነክር በሚያሳየው መለኪያ ማለት ነው፤ በዓለም አቀፉ አለካክ 10,000 ካንዴላ ማለት 200 ሜትር ነው። ቀበና ውስጥ 200 ሜትር ቀጥ ያለ ቅያስ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ብዙ ካማረጥኩ በኋላ የወሰንኩት ኮንቮይ ኤስ 2 ፕላስ በምትባለው የእጅ ባትሪ ላይ ነው። ወደ 12 ሳንቲሜትር ትረዝማለች። ቀዩን መረጥኩ። ጥበቃዎች ቀይ ነገር ሲያዩ ፈገግ ነው የሚሉት። እዚህ ሱቅ ላይ አላገኘኋትም፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ አመጣልኝ። በሰው የምታስመጡ ከሆነ የሊቲየም ድንጋዩን በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው ንገሩት፣ ለብቻው የሆነ ሊቲየም ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም።

የገመድ መሰኪያ ወደብ ኖሯቸው ድንጋዩ ሳይወጣ በቀጥታ ቻርጅ የሚደረጉትንም አይቼ ነበር። ምቹ ናቸው። ግን ከርካሾቹ ብዙዎቹ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ አይቀበሉም፤ ውስጣቸው መኖር ያለባቸውን ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች) ፋብሪካው ለመቆጠብ ሲል ይተዋቸዋል። አንድ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ በሆነው በድሮው ገመድ ይሠራሉ፣ በአዲሱ አይሠሩም። ወደቡ ደግሞ ለክረምት ውሃ አንድ ተጨማሪ በር ነው። ተራ ድንጋይ የምትበላዋንም በደንብ አስቤባታለሁ፣ ምክንያቱም ድንጋይ የሌለው ኪዮስክ የለም። ነገር ግን ርካሹ ድንጋይ ውስጧ ይፈሳል፣ ከፈሰሰ ደግሞ ስፕሪንጉን ይበላዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ፣ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ነው። 18650 ይባላል። ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 65 ሚሊሜትር ስለሆነ ነው። ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች የሚሠሩት በጣም ጥሩው 3,500 ሚሊአምፒር አወር አካባቢ ይይዛል። ገበያ ላይ ግን «9,900» የተጻፈበት ታገኛለህ፣ ያውም በግማሽ ዋጋ። እንዴት ይለያል? በሚዛን። እውነተኛው ከ45 ግራም እስከ 48 ግራም ይመዝናል። ውስጡ በቂ ነገር የሌለው አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል፣ የፎርጅዱም ጉድ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ትክክለኛ ሚዛን የት አለ? ወርቅ ቤት። ፒያሳ አካባቢ የማውቃቸው አንድ ወርቅ ሠሪ አሉ፣ ሁለት ድንጋይ ይዤ ሄድኩ። አንዱ ከሱቅ የተዋስኩት ባለ 9,900 ነው፣ ሌላው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ። «ጋሼ፣ እነዚህን ይመዝኑልኛል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና «ስንት ካራት ናቸው ደግሞ?» አሉኝ። ባለ 9,900ው ከ30 ግራም ትንሽ ከፍ አለ። የላፕቶፑ 45 ሞላ። ጋሼ ራሳቸው ገርሟቸው «ይሄማ ሁሉም ቦታ አለ ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

የላፕቶፕ ድንጋይ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ወፈር ያሉት አሮጌ ላፕቶፖች ባትሪያቸው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት 18650 አለ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተያያዙ። ላፕቶፑ «ባትሪ ሞቷል» የሚለው ብዙ ጊዜ አንዱ ጥንድ ስለሞተ ነው፣ የቀሩት ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ምናለሽ ተራ ብትሄድ የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ አይጠፋም፣ ዋጋውን ተከራከር። ሲከፈት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብረት ወግተህ ብታገናኘው ይቃጠላል፣ ስለዚህ ያልለመደ ሰው ለሞባይል ጠጋኝ ይስጠው። ከወጣ በኋላ በቴስተር ይለካል። ከ2 ቮልት በታች የወረደ ከሆነ ይጣል፣ አይታዘንለትም። ደህና የሚመስለው እስከ 4.2 ቮልት ቻርጅ ይደረግና ሳምንት ይቀመጣል፤ ከ4.1 በታች ከወረደ ወይም ቻርጅ ሲደረግ ከጋለ እሱም ይጣል። እነዚህ ድንጋዮች የራሳቸው መከላከያ ስለሌላቸው ቮልቱ ሲወርድ ራሷን የምታጠፋ ባትሪ ውስጥ ነው መግባት ያለባቸው። ጫፋቸው ጠፍጣፋ ስለሆነም ሁለቱም በኩል ስፕሪንግ ያላት ትሻላለች።

እንደዚህ ያለ ደህና ድንጋይ ሙሉ ሲሆን 100 ሉመን ላይ አብርተህ ብትተዋት አንድ ሌሊት ልታደርስህ ምንም አይቀራትም። መብራት ጠፍቶ ጣሪያው ላይ አነጣጥረህ ጠረጴዛ ላይ ብታቆማት ክፍሉ ይበቃዋል፣ ልጆችም የቤት ሥራቸውን ይጨርሳሉ።

ማሻሻሉን የጀመርኩት ከአምፖሉ ነው። ከባትሪዋ ጋር የመጣችው ኤልኢዲ ቀዝቃዛ ነጭ ነበረች፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስዳት። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው ሲጀመር ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ላይ የሚቀባው ፎስፈር የሚባል ቢጫ ነገር ነው ነጭ የሚያስመስለው። ሰማያዊውን ደማቅ አድርጎ የሠራው ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ሠራተኛ ነበር፣ በዚሁ ሥራ ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ወስዷል። እኔም ያስገባሁት ከዚያው ኩባንያ የወጣ፣ 4,000 ኬልቪን የሆነ (ወደ ቢጫ ጠጋ ያለ ነጭ ማለት ነው)፣ ቀለም የማሳየት አቅሙ ከ100 ውስጥ ከ90 በላይ የሆነውን ነው። ብርሃኑ በመጠኑ ይቀንሳል። ልዩነቱን ያየሁት ግን የጎረቤታችን የእትዬ ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ነው። በቀዝቃዛው ብርሃን ቀዩና ቡናማው ሽቦ አንድ ሆነው ነበር የሚታዩት፣ በዚህኛው ቀይ ቀይ ነው፣ ቡናማ ቡናማ ነው። ኤሌክትሪክ ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሥራውን የሠራልኝ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሁለት ሽቦ ነቅሎ ሁለት ሽቦ መበየድ ነው፣ ከሥሩ ሙቀት የሚያስተላልፈው ነጩ ቅባት አለ። ልብ ማለት የሚያስፈልገው አንድ ቦታ ነው፦ አንጸባራቂው ብረት ስለሆነ ብየዳውን ከነካ ሾርት ያደርጋል። መሀላቸው ያለችው ትንሽ ላስቲክ ወድቃ እንዳትቀር።

ሌላው ሁሉ የሳንቲም ሥራ ነው። የአበራር ስልቱን ብልጭ ድርግም የሚለውን ወደማያካትተው ቀየርኩት፤ ሰው ፊት ላይ ብልጭ ድርግም ማድረግ ጠብ ከመጫር በቀር ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ለቤት ውስጥ ሲሆን ሌንሷ ላይ ብዥ ያለውን ስኮች ትንሽ ቆርጬ እለጥፋለሁ፣ ብርሃኑ ይበተናል፣ ትልቁ ላይ ግን ስለሚግል በዝቅተኛው ብቻ። ወገቧ ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ አለበስኳት፣ ዝናብ ላይ አታዳልጥም። ክሊፕም ጨመርኩ። የቆዳ ማቀፊያ ያሠራሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ነው፣ በጣም ያምራል፣ ግን አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለ የቆዳ ማቀፊያ ፍተሻ ላይ ምን እንደሚያስመስል መናገር አያስፈልግም።

ኪስ ውስጥ ስትሆን የኋላ ክዳኗን ሩብ ዙር ፈታ ማድረግ ልማድ ይሁን። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ያለው ሽፋን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ትንሽ ስትላላ ቁልፉ ቢጫን እንኳ አትበራም። ይሄንን ያላደረገ ሰው ታክሲ ውስጥ ጭኑ ሲግል ያውቀዋል። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክሉትን የጎማ ቀለበቶች (ኦሪንጎቹን) ክረምት ከመግባቱ በፊት የሲሊኮን ግሪስ መቀባት ነው፣ ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ስለሚያሳብጠው ይቅር።

በጀቱ አለፈ እንዴ? ጠጋኙንና ማቀፊያውን ካልቆጠርን አላለፈም። አሁን የሚቀረኝ የኋላ ቁልፏ ጎማ ነው፣ ሳስቷል። ጨለማ ውስጥ የሚያበራውን ዓይነት እየፈለግኩ ነው፣ 16 ሚሊሜትር ነው የሚባለው፤ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።