የአካባቢ ኦዲት ትምህርቴ፦ ከፋይሉ ወደ ቫልቩ

«ያ የአካባቢ ኦዲት ትምህርትህ ከምን ደረሰ?» ላላችሁኝ፣ እነሆ። አላለቀም። አንዳንዱ ነገር በደንብ ገብቶኛል፣ አንዳንዱ ግን አሁንም ያምታታኛል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የጀመርኩት ከአይኤስኦ 14001 ነው። አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የስታንዳርድ ድርጅት) ያወጣው፣ ድርጅቶች አካባቢን የሚነካ ሥራቸውን የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት ምን ማሟላት እንዳለበት የሚናገር ስታንዳርድ ነው። በ1996 ወጥቶ በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል። እኔ ያጠናሁት የ2015ቱን ነው። ከሱ ቀደም ብሎ በ1992 እንግሊዞች ቢኤስ 7750 የሚባል ተመሳሳይ ስታንዳርድ አውጥተው ነበር። ስታንዳርዱን እንደከፈትኩ የፈለግኩት ቁጥር ነው። ይህን ያህል ጭስ፣ ይህን ያህል ፍሳሽ ይፈቀዳል የሚል። የለም። ድርጅቱ አካባቢን የሚነካባቸውን ሥራዎች ራሱ ይለያል። ከነሱ ከባድ ከባዶቹን ይመርጣል፣ የሚመለከቱትን ሕጎች ያውቃል፣ ግብ ያስቀምጣል፣ ይለካል፣ ራሱን ኦዲት ያደርጋል፣ በመጨረሻም አመራሩ ቁጭ ብሎ ውጤቱን ይገመግማል። የፍሳሹን ጣሪያ የሚያስቀምጠው ሕግ ወይም የፈቃድ ወረቀት ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ፋብሪካዎች፣ አንዱ ከሌላው ብዙ እየበከለ፣ ሁለቱም ሰርተፍኬት ሊኖራቸው ይችላል። ሰርተፍኬቱ የሚናገረው ስለ ሥርዓቱ እንጂ ስለ ወንዙ አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ አይኤስኦ ራሱ ሰርተፍኬት አይሰጥም። የሚሰጡት ሌሎች ተቋማት ናቸው። የሚሠራውም ለ3 ዓመት ሲሆን በየዓመቱ ክትትል አለው። ኢማስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ደግሞ በ1993 በወጣ የኅብረቱ ሕግ የመጣ ነው። የ14001ን መስፈርቶች ይዞ አንድ ከባድ ነገር ይጨምራል። ድርጅቱ የአካባቢ መግለጫውን በገለልተኛ አረጋጋጭ አስመርምሮ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። እኔ ብጠየቅ ትልቁ ልዩነት እሱ ነው። ለራስ ብቻ የሚጻፍ ቁጥርና ጎረቤት የሚያነበው ቁጥር አንድ አይሆኑም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። የሥርዓቱ ልብ ያለው ድርጅቱ አካባቢን የሚነካባቸውን ነገሮች በሚዘረዝርበት ሠንጠረዥ ላይ ነው። ብዙዎች የክስተቱን ዕድል ከ1 እስከ 5፣ የጉዳቱን ክብደት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥተው ያባዛሉ። ከዚያ «12 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከባድ ነው» ይላሉ። እኔ ሠንጠረዡ ሲሰጠኝ አሁን አስቀድሜ የማየው ከመስመሩ በታች ያሉትን ነው። ወጪ የሚያስወጡት ነገሮች ሁሉ 10 ላይ ተኮልኩለው ከተገኙ፣ ነጥቡ የተሰጠው ከመልሱ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ሌላው የማየው ሠንጠረዡ የሰላሙን ቀን ብቻ ነው ወይ የሚያየው የሚለውን ነው። ማሽን ሲነሳና ሲጠፋ፣ መብራት ሲቋረጥ፣ ቱቦ ሲፈነዳ ምን ይሆናል? ስታንዳርዱ ይህንንም አስቡ ይላል። ብዙው ሠንጠረዥ ግን እዚህ ላይ ዝም ነው።

ልምምድ ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ቦታውን አልጠራም። የናፍጣ ታንከር አለ። ዙሪያውን የግንብ ገንዳ ተሠርቶለታል፣ ታንከሩ ቢያፈስ ናፍጣው እዚያ እንዲቀር። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልማድ ገንዳው የታንከሩን 110 በመቶ እንዲይዝ ነው፤ ይህም ልኩ ነበር። ከገንዳው ሥር የዝናብ ውሃ ማስወጫ ቫልቭ አለ። መመሪያው ቫልቩ ሁልጊዜ ይዘጋ ይላል። የወርሃዊ ምርመራ ቅጹም አለ፣ ሁሉም ሳጥን ላይ ራይት ተደርጓል። የአሥራ ሁለቱም ወር ራይት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ።

አብራኝ የነበረችው ልምድ ያላት ኦዲተር ስለ ቅጹ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ታንከሩ ጋ ያለውን ሠራተኛ «ዝናብ ሲጥል እዚህ የሚጠራቀመውን ውሃ ማን ነው የሚያስወጣው?» ብላ ጠየቀችው። «ኧረ አይጠራቀምም፣ ክፍት ነው የምንተወው» አላት። ነገሩ አለቀ። «ቫልቩ ዝግ ነው ወይ?» ብትለው «አዎ» ነበር የሚላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብል ጥያቄ ከደብተሬ አውጥቻለሁ። «እስቲ እንዴት እንደምትሠሩት አሳዩኝ» ይበቃል።

ግኝት (ኦዲተሩ ያገኘው ጉድለት) አጻጻፍም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «የናፍጣ አያያዝ ደካማ ነው» የሚል ግኝት ለክርክር በር ይከፍታል። መስፈርቱ ምን ይላል፣ ምን ታየ፣ የት ታየ ብሎ ሲጻፍ ግን የሚከራከር የለም። ቫልቩን መዝጋት ደግሞ የታየውን ማስተካከል እንጂ የእርምት እርምጃ፣ ማለትም ምክንያቱን የሚያስወግድ፣ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ክፍት የተተወው ለምንድን ነው? ውሃውን በፓምፕ እንዲያወጣ የተመደበ ሰው ስላልነበረ። ፓምፕም ስላልነበረ። «ለሠራተኛው ስልጠና ይሰጠዋል» የሚለው መልስ በየሪፖርቱ ሞልቷል። ያለ ፓምፕ ስልጠናው ምን ሊፈይድ!

ስለ አይኤስኦ 19011 ብዙ አልልም። የኦዲት አካሄድ መመሪያ ነው፣ የ2018ቱን እትም አንብቡት። ዋናው ነገር የራስህን ሥራ ራስህ ኦዲት አታደርግም።

ሰሞኑን ደግሞ የካርበን ሒሳብ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ድርጅት ምን ያህል አየርን የሚያሞቅ ጋዝ እንደሚለቅ ማስላት። የሚሠራበት መመሪያ ጂኤችጂ ፕሮቶኮል ነው። በ2001 ወጣ፣ በ2004 ተሻሻለ። ልቀቱን በሦስት ይከፍለዋል። ስኮፕ 1 ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለውና የሚያፈሰው ነው። ስኮፕ 2 ከገዛው ኤሌክትሪክና እንፋሎት የሚመጣው ነው። ስኮፕ 3 ከአቅራቢ እስከ ደንበኛ ያለው የቀረው ሁሉ ነው፣ በ15 ምድብ።

ስኮፕ 1 ላይ ሰው ሁሉ መኪናና ጄኔሬተር ይቆጥራል። የሚረሳው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። አር-404ኤ የሚባለውን ውሰዱ። በአይፒሲሲ (የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ጉባኤ) አራተኛ ሪፖርት ስሌት 1 ኪሎው አየር ላይ ሲወጣ ከ3,922 ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል ያሞቃል። አንድ ቴክኒሻን 10 ኪሎ ሞላ እንበል። ቀድሞ ሙሉ ከነበረ ይህ ማለት 10 ኪሎው የሆነ ቦታ ተንኖ ሄዷል። ከ39 ቶን ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ናፍጣ ሲቃጠል በሊትር 2.7 ኪሎ አካባቢ ስለሚያወጣ፣ ከ14 ሺህ ሊትር በላይ ናፍጣ እንደማቃጠል ነው። ማስረጃው ያለው አካባቢ ጥበቃ ክፍል አይደለም፣ የጥገና ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠ ደረሰኝ ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ሪፖርቱን ሳልነካ መጀመሪያ ጥገና ክፍል ጎራ እላለሁ።

ስኮፕ 2 ላይ ሁለት ቁጥር እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ ኤሌክትሪኩ የመጣበት መረብ በአማካይ የሚለቀው ነው። ሌላው ድርጅቱ በገዛው ውል ወይም የታዳሽ ኃይል የምስክር ወረቀት የሚሰላው ነው። ሁለተኛው ዜሮ ሆኖ የመጀመሪያው ሊያድግ ይችላል። ዜሮዋን ብቻ በትልቁ የጻፈ ሪፖርት ካጋጠማችሁ ሌላኛዋን ፈልጉ።

ስኮፕ 3 ላይ ገና ነኝ። አብዛኛው ስሌት «ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህ ዕቃ ወጣ» ተብሎ በአማካይ ቁጥር የሚባዛ ነው። ታዲያ ዋጋ ሲንር ዕቃው ሳይጨምር ልቀቱ የጨመረ ይመስላል። ይህ አልተዋጠልኝም።

ከእናንተ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ድርጅት ቅርንጫፍ ሲሸጥ ወይም ሲገዛ፣ ለውጡ ጉልህ ከሆነ የመነሻ ዓመቱ (የኋለኞቹ ዓመታት የሚነጻጸሩበት ዓመት) ልቀት እንደገና መሰላት አለበት። ፕሮቶኮሉ ግን ጉልህ የሚባለው ስንት በመቶ እንደሆነ አይወስንም፣ ለድርጅቱ ይተወዋል። 5 በመቶ የሚጠቀሙ አሉ። እናንተ ያያችሁት ላይ ስንት ነው፣ ምክንያቱንስ ጽፈውታል? ምሳሌ ያለው ሰው ቢያካፍለኝ ቀጣዩን ክፍል ከዚያ እጀምራለሁ።